የዓመቱ ምርጥ ጌሞቼ፦ ዝርዝሩ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን እንዴት ይሠራል?

በዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት ብድግ ብሎ «ዘንድሮ የወደድኳቸው ጌሞች» የሚል ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚጽፍ ሳይታይ ይታወቃል። ሁለቱ ባለፈው ወር የጨረሳቸው ናቸው። ሁለቱ ሽልማት ያገኙና ሰው ሁሉ የሚያወራላቸው ናቸው። አንዱ ደግሞ በየቀኑ ስለሚከፍተው ብቻ የገባ ነው። የካቲት ላይ እንቅልፍ የነሳው ጌም ግን የለበትም፤ ረስቶታል። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከዓመቱ መጀመሪያ ነው፤ ለአንድ ጌም ከዐሥር ደቂቃ በላይም አይወስድም። አሠራሩ ለስልክም፣ ለኮምፒውተርም፣ ለፕሌይስቴሽንም ያው ነው። ምሳሌዎቹን በብዛት የወሰድነው ከ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያ ዓመት የወጡት ጌሞች ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ናቸው፣ ደንብ የሚያፋጥጡ ጉዳዮችም በዝተውበት ነበር።

ዓመቱ የት ይጀምራል?

መጀመሪያ ዓመታችሁ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ወስኑ። ትልቁ የጌም ሽልማት፣ ዘ ጌም አዋርድስ፣ በ2024 የተካሄደው ዲሴምበር 12 ሲሆን የተቀበለው እስከ ኖቬምበር 22 የወጡትን ብቻ ነው። «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል» ዲሴምበር 9 በመውጣቱ ለዚያ ዓመት ውድድር አልደረሰም። በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ የሚወጣ ጌም ሁልጊዜ ይህ ችግር አለበት፤ ለአሮጌው ዓመት ዘግይቷል፣ ለአዲሱ ደግሞ አርጅቷል።

የእኛ አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተሻለ ነው እንላለን፣ ምክንያትም አለን። ትልልቅ ጌሞች በብዛት የሚወጡት ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። ዝርዝሩ እንቁጣጣሽ ላይ ሲዘጋ እነዚህ ጌሞች በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ይወድቃሉ፤ ስህተታቸው በአፕዴት እስኪታረም፣ ዋጋቸው እስኪወርድ፣ እናንተም ሳትጣደፉ እስክትጨርሷቸው ወራት አላቸው። የ2016 ዓ.ም.ን ዓመት እንየው። «ስፓይደር-ማን 2» እና «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ወንደር» ሁለቱም ጥቅምት 9 ወጡ። «ባላትሮ» የካቲት 12፣ «አኒማል ዌል» ግንቦት 1፣ የ«ኤልደን ሪንግ» ማስፋፊያ (በዋናው ጌም ላይ የሚጨመር ክፍል) «ሻዶው ኦፍ ዘ ኤርድትሪ» ሰኔ 14፣ የቻይናው «ብላክ ሚዝ፦ ውኮንግ» ነሐሴ 14 ወጡ። በኋላ የዘ ጌም አዋርድስን የዓመቱ ምርጥ ጌም ሽልማት የወሰደው «አስትሮ ቦት» ደግሞ ሊዘጋ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ጳጉሜን 1 ላይ ደረሰ።

እንደ አስትሮ ቦት ላለው አንድ ደንብ ያስፈልጋል፦ ከነሐሴ 6 በኋላ የወጣ ጌም ለሚቀጥለው ዓመት ይሻገር። በዚህ ደንብ ውኮንግም አስትሮ ቦትም ወደ 2017 ያልፋሉ፤ ጥቅምት 1 ቀን 2017 ከወጣው «ሜታፎር፦ ሪፋንታዚዮ» ጋር በእኩል ጊዜ ይመዘናሉ።

ቀን ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ የእኛ ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላ የሚገባው ዓመት ግን ሴፕቴምበር 12 ይጀምራል። 2016 እንዲህ የጀመረ ዓመት ነው፣ ስለዚህ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይንሸራተታል። ስቲምና ሌሎች መደብሮች የሚያሳዩት የፈረንጆቹን ቀን ስለሆነ በማስታወሻችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ። የሌላ ሰው ዝርዝር ከራሳችሁ ጋር ስታስተያዩ አለበለዚያ ትደናገራላችሁ።

ምን ይገባል፣ ምን ይቀራል

ደንቡን ጌሞቹን ከማየታችሁ በፊት ጻፉት። ጌሙን ወደዱ፣ ከዚያ እንዲገባ ደንብ አበጁለት ማለት ደንብ የለም ማለት ነው።

ማስፋፊያ፣ ዲኤልሲ የሚባለው፣ ትልቁ ራስ ምታት ነው። ሻዶው ኦፍ ዘ ኤርድትሪ በ2024 ለዓመቱ ምርጥ ጌምነት ሲታጭ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ወደ ማስፋፊያው ለመግባት በ2022 በወጣው ዋና ጌም ውስጥ ራዳንና ሞግ የሚባሉትን ሁለት ቦሶች፣ ማለትም ኃይለኛ ዋና ጠላቶች፣ ማሸነፍ የግድ ነው፤ ይኸውም ለጀማሪ ብዙ አሥር ሰዓታት ነው። የእኛ ፍርድ ይገባል የሚል ነው፣ ግን ሁለት ነገር ይሟላ፦ የተመዘነው በማስፋፊያው ውስጥ በጠፋው ሰዓት ብቻ ይሁን፣ ከስሙ ጎንም ዋናውን ጌም የሚፈልግ መሆኑ ይጻፍ።

ሪሜክ፣ ማለትም እንደገና የተሠራ የቆየ ጌም፣ ሲሆን የምንጠይቀው አጨዋወቱ ተለውጧል ወይስ መልኩ ብቻ ነው የሚለውን ነው። «ሳይለንት ሂል 2» የ2001 ጌም ነው፤ የ2024ቱ ግን ካሜራውም፣ ውጊያውም፣ ክፍሎቹም እንደገና ተሠርተዋል፣ ስለዚህ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ምስሉ ብቻ የጠራ ሪማስተር ከሆነ ከታች ወደምናነሣው የቆዩ ጌሞች ዝርዝር ይሂድ።

ሳያልቅ ለሽያጭ የሚቀርብ ጌምስ? ሙሉው በወጣበት ቀን ይቆጠር። «ባልዱርስ ጌት 3» ገዢ መቀበል የጀመረው ኦክቶበር 2020 ነበር፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ይዞ፤ ሙሉው ኦገስት 3 ቀን 2023 ወጣ። «ሄዲስ 2» ሜይ 2024 ተከፍቶ የተጠናቀቀው ሴፕቴምበር 25 ቀን 2025 ነው፣ በእኛ መስከረም 15 ቀን 2018። ያላለቀውን ብትወዱትም ማስታወሻችሁን ይዛችሁ ጠብቁ፤ መጨረሻው ሲመጣ የጌሙ ሚዛን ይለወጣል።

የእግር ኳስ ጌሞች በየዓመቱ መስቀል አካባቢ ስለሚመጡ በእኛ ዓመት ለያንዳንዱ አንድ ይደርሰዋል፤ «ኤፍሲ 24» መስከረም 18 ቀን 2016፣ «ኤፍሲ 25» በመስቀል ዕለት መስከረም 17 ቀን 2017። በፕሌይስቴሽን ቤት ከሁሉ በላይ የሚሠራው ይኸው ስለሆነ መዝለል አይቻልም። ግን የሚመዘነው ከዓምናው በተለየበት ነገር ነው። ኤፍሲ 25 ረሽ የሚባለውን አምስት ለአምስት ጨዋታ ይዞ መጣ፤ ረሽን ወዳችሁት ከሆነ እሱን ጻፉ። የተጫዋቾች ስምና ማሊያ ብቻ የተቀየረበት ዓመት ከሆነ ቦታውን ለሌላ ልቀቁ።

ለቆዩ ጌሞች ሌላ ዝርዝር ክፈቱ፣ «ዘንድሮ ያገኘኋቸው» በሚል። አገር ቤት ያለ ተጫዋች ብዙውን ጊዜ አዲስ ጌም በወጣበት ሳምንት አይደርሰውም፤ የኮምፒውተሩ አቅም አለ፣ የክፍያ ካርድ ጉዳይ አለ፣ የኢንተርኔት ፓኬጅ አለ። ውኮንግ በኮምፒውተር 130 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቃል፣ ባልዱርስ ጌት 3 ደግሞ 150። አኒማል ዌል ግን 33 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ያህል እንኳ አይሞላም። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣን ጌም በ2017 ዓ.ም. መጫወት ምንም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። እንዲያውም ወሬው ከበረደ በኋላ የተወደደ ጌም በራሱ ነው የተወደደው።

ማስታወሻው

ወረቀት፣ የስልክ ኖት፣ ኤክሴል፣ የቱም ይሆናል። ለያንዳንዱ ጌም አራት መስመር ይበቃል። የመጀመሪያው ስሙ፣ የተጫወታችሁበት መሣሪያ፣ የጀመራችሁበትና ያቆማችሁበት ቀን። ሁለተኛው ሰዓቱና የደረሳችሁበት ቦታ። ሦስተኛው በጣም የወደዳችሁት አንድ ነገር፣ አራተኛው ያስመረራችሁ አንድ ነገር። ለምሳሌ ስለ አኒማል ዌል የተጻፈ ማስታወሻ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «9 ሰዓት፤ የመጀመሪያው መጨረሻ ታይቷል፣ ከ64ቱ እንቁላል 38ቱ ተገኝተዋል። በራሴ አረፋ ላይ ቆሜ መዝለል እንደምችል ማንም አልነገረኝም፤ ሳውቀው ያለፍኳቸው ክፍሎች ሁሉ እንደገና ተከፈቱ። ካርታው ላይ የት ምን እንዳስቀረሁ ለማስታወስ ግን ተቸግሬያለሁ።»

ሦስተኛው መስመር ላይ «ምርጥ ታሪክ»፣ «አሪፍ ግራፊክስ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከስድስት ወር በኋላ ምንም አይጠቅመውም። አንድ ክፍል፣ አንድ ቦስ፣ አንድ ድምፅ፣ አንድ ንግግር ይሁን። የጻፋችሁት ለሌላ ጌምም የሚሠራ ከሆነ ሰርዛችሁ እንደገና ጻፉ።

ማስታወሻው ሁለት ጊዜ ይጻፋል። አንዱ ባቆማችሁ በማግሥቱ፣ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ የፊተኛውን ሳታዩ። ሁለቱን ስታስተያዩ የቀረውና የጠፋው ይታያል። መጀመሪያ ላይ «የመጨረሻው ቦስ» ብላችሁ ጽፋችሁ ከወር በኋላ የምታስታውሱት ትንሿን መንደር ከሆነ የጌሙ ጥንካሬ መንደሩ ነው።

ሰዓቱን በግምት አትጻፉ። ስቲም በላይብረሪው ገጽ ላይ ያሳያል፣ ሆኖም ጌሙ ክፍት የቆየበትን ሁሉ ይቆጥራል፤ ፖዝ አድርጋችሁ እራት ከበላችሁ እራቱም አለበት። ፕሌይስቴሽን 5 በፕሮፋይል ውስጥ ጌምስ የሚለው ክፍል ላይ ያስቀምጠዋል። ኔንቴንዶ ስዊች አዲስ ጌም ከጀመራችሁ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀናት ሰዓቱን አያሳይም፤ ከዚያ በኋላም «ከ5 ሰዓት በላይ»፣ «ከ10 ሰዓት በላይ» እያለ በአምስት በአምስት ነው የሚሄደው። ስቲም ሪፕሌይና የፕሌይስቴሽን ዓመታዊ ማጠቃለያ ዲሴምበር ላይ ይመጣሉ፤ የረሳችሁትን ጌም ለማስታወስ ይረዳሉ፣ ነገር ግን የራሳቸውን ቤት ብቻ ነው የሚያዩት። በስልክ፣ በጓደኛ ኮንሶል ወይም በፕሌይስቴሽን ቤት የተጫወታችሁት እዚያ ውስጥ የለም፤ ያለ ማስታወሻ ይጠፋል።

ለያንዳንዱ ጌም አንድ ስክሪንሾት ብቻ አስቀሩ፣ ሦስተኛውን መስመር የሚያሳየውን። በስቲም ኤፍ12ን መጫን ነው፤ በፕሌይስቴሽን 5 ክሪኤት የሚለው ቁልፍ፣ በስዊች ጆይስቲክ በግራ በኩል ያለችው ካሬ ቁልፍ ይሠራሉ።

ለምን እንደተወደደ መጻፍ

ሰው የሚያነበው ይህንን ነው። ደረጃው ለክርክር ይሆናል፤ ጌሙን ለማያውቅ ሰው የሚጠቅመው ምክንያቱ ነው። ባላትሮን እንውሰድ። ሎካልተንክ በሚል ስም የሚታወቅ አንድ ሰው ብቻውን የሠራው የመጫወቻ ካርታ ጌም ነው፤ ታሪክ የለውም፣ ገጸ ባሕርይ የለውም፣ የሚታየው ካርታ ነው። በ2024 ዘ ጌም አዋርድስ ሦስት ሽልማት ወሰደ። «ሱስ ያስይዛል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፣ ግን ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። ሱሱ ከየት እንደሚመጣ አሳዩት።

ጌሙ ሲጀመር የሚጠየቀው 300 ነጥብ ነው። እጃችሁ ላይ ስምንት ካርታ አለ፣ አራት ጊዜ ለነጥብ መጣል፣ ጥቂት ጊዜም ያልፈለጉትን መቀየር ይፈቀዳል። አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች፣ ፍለሽ የሚባሉት፣ መነሻቸው 35 ሆኖ በ4 ይባዛሉ። አስ፣ ኪንግ፣ 9፣ 7 እና 4 ጣላችሁ እንበል። አስ 11፣ ኪንግ 10 ሲቆጠሩ የካርታዎቹ ድምር 41 ነው፤ ከ35 ጋር 76፤ 76 በ4 ሲባዛ 304። አንድ ጊዜ በመጣል፣ በአራት ነጥብ ብልጫ አለፋችሁ። አሁን ማባዣው ላይ 4 የሚጨምረውን፣ ተራውን ጆከር የሚባለውን ልዩ ካርታ ግዙ፤ ያው አምስት ካርታ 76 በ8፣ 608 ይሆናል። ካርታው አልተለወጠም፣ ዋጋው ግን እጥፍ ሆነ። ጆከሮቹ 150 ናቸው፤ እያንዳንዱ ሒሳቡን በሌላ በኩል ያጥፈዋል። ስምንተኛው ደረጃ ላይ መነሻው ግብ 50,000 ስለሆነ መደመር ብቻ አያደርስም፤ ማባዣን በማባዣ የሚያበዛ ጆከር መፈለግ ግድ ይሆናል። ይህን ሁለት ዓረፍተ ነገር አድርጋችሁ ብትጽፉት አንባቢ ጌሙን ሳይከፍት ለምን ሌሊቱ እንደሚነጋ ይገባዋል። ፖከር ስላለበት የሚሰጋ ካለም አብራችሁ ንገሩት፦ በእውነተኛ ገንዘብ የሚወራረዱበት ነገር የለውም።

ለድርጊት ጌም ሒሳቡ ቀርቶ እጅ ነው የሚገለጸው፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ ሲጫን፣ ምን እንደሚሰማ። አስትሮ ቦት ውስጥ ሮቦቱ በአሸዋ፣ በብረት፣ በመስታወት ላይ ሲሄድ ጆይስቲኩ በእጅ ውስጥ በተለያየ መንገድ ይንቀጠቀጣል፤ ያንን ጻፉ። በታሪክ ለሚወደድ ጌም ደግሞ የመጀመሪያውን ሩብ ብቻ ተጠቀሙ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከነካችሁ ያልተጫወተውን ሰው ትበድሉታላችሁ።

ደረጃ ማውጣት

ግራፊክስ 8፣ ድምፅ 9፣ ታሪክ 7 ብሎ አማካይ ማውጣትን ተዉት። አማካይ የሚሸልመው እንከን የሌለውን ነው እንጂ የተወደደውን አይደለም፤ ባላትሮ በታሪክ ዜሮ አግኝቶ ይወድቃል። ይልቅ ጌሞቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አጋጥሟቸው። ዐሥር ጌም ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢጋጠም 45 ግጥሚያ ነው፣ ይሰለቻል። አጭሩ መንገድ አዲሱን ጌም በተደረደሩት መካከል ካለው ጋር ማጋጠም ነው፤ ካሸነፈ ከላይኛው ግማሽ መካከለኛ ጋር፣ ከተሸነፈ ከታችኛው ጋር፣ እንዲህ እያሉ ቦታው እስኪገኝ። ቢበዛ 25 ግጥሚያ ዐሥሩን ይደረድራል።

የግጥሚያው ጥያቄ አንድ ይሁን፣ በመካከል አይለወጥ። «ዛሬ ማታ አንዱን ከዜሮ ጀምር ብባል የቱን?» የሚለው ለባላትሮና ለኤፍሲ ያደላል፤ ምሥጢሩ አንዴ ከታወቀ የማይደገም ጌም ይጎዳበታል። «አንዱ ጭራሽ ከትዝታዬ ይጥፋ ብባል የቱን አስቀራለሁ?» የሚለው ለሁሉም ስለሚሠራ እሱን እንመርጣለን። መልሱ ከአምስት ሰከንድ በላይ ከወሰደ እኩል ናቸው፤ እኩል አድርጋችሁ እለፉ፣ ከሳምንት በኋላ ተመለሱበት።

ብዙ ጊዜ የሚበላሽበት ቦታ

ሰዓት የውዴታ ሚዛን ሲሆን ዝርዝሩ ይበላሻል። በየቀኑ ሽልማት ለመቀበል የሚከፈት የስልክ ጌም 200 ሰዓት ሊደርስ ይችላል፤ የብዙ ቀን ዐሥር ዐሥር ደቂቃ ነው። ያለ ዕለታዊ ሽልማቱ ትከፍቱት ነበር ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

ያልጨረሳችሁትን ጌም ማስገባት ይቻላል፣ የደረሳችሁበት እስከተጻፈ ድረስ። «እስከ ሁለተኛው ምዕራፍ፣ 14 ሰዓት» ማለት ይበቃል። መሸሸግ ግን አያዋጣም፤ መጨረሻውን ያየ አንባቢ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ያውቅባችኋል።

በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌሞች ደግሞ ራሳቸው ይለወጣሉ። «ሄልዳይቨርስ 2» ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2024 ከወጣ በኋላ የጦር መሣሪያዎቹ ጉልበት በየአፕዴቱ ሲወርድና ሲወጣ ቆይቷል፤ በመጋቢት የወደደው ሰውና በሐምሌ የጀመረው ሰው አንድ ጌም አልተጫወቱም። ስለዚህ የተጫወታችሁበትን ወር ጻፉ። ይኸው ጌም ሌላም ነገር ያስተምራል። ሜይ 2024 ላይ በኮምፒውተር የሚጫወቱት ሁሉ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አካውንት እንዲያገናኙ ታዘዙ፤ አካውንቱ በይፋ በማይሰጥባቸው ከ170 በላይ አገሮችም ጌሙ ከስቲም ሽያጭ ወጣ። ኢትዮጵያ አገልግሎቱ በይፋ ከማይደርስባቸው አገሮች አንዷ ናት። ተጫዋቾች ተቃውመው ትእዛዙ በቀናት ውስጥ ቢነሣም፣ ለአገር ቤት አንባቢ ስትጽፉ ጌሙ እዚህ ይገዛል ወይ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ፣ ስንት ጊጋባይት ነው የሚሉትን ሦስቱን መመለስ የማይታለፍ ግዴታ ነው።

የሽልማት ዝርዝር ከራሳችሁ በፊት አትመልከቱ። በዘ ጌም አዋርድስ ከድምፁ 90 በመቶው የጋዜጠኞችና የመገናኛ ብዙኃን ዳኞች ነው፣ 10 በመቶው የሕዝብ፤ የብዙ ሰው መካከለኛ ምርጫ ነው የሚወጣው። የአንድ ሰው ዝርዝር ያንን መምሰል የለበትም። ስድስቱ ዕጩዎች በሙሉ ገብተውላችሁ ከሆነ አራተኛውን መስመር፣ ያስመረራችሁን፣ መልሳችሁ አንብቡ።

ቁጥሩ ዐሥር ይሁን የሚል ሕግም የለም። አምስት ከሆኑ አምስት ጻፉ።

ከዘጋችሁ በኋላ አትደልዙ፤ ሐሳባችሁ ቢለወጥ ከሥር ከነቀኑ ጨምሩ። «ሳይበርፐንክ 2077» ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች ላይ በስህተት የተሞላ ነበር፤ ሴፕቴምበር 2023 ላይ 2.0 የተባለው አፕዴትና «ፋንተም ሊበርቲ» የሚባለው ማስፋፊያ ሲመጡ ሌላ ጌም ሆነ። ያኔ ከዝርዝሩ አውጥቶት የነበረ ሰው የ2013 ዓ.ም.ን ገጽ መነካካት አያስፈልገውም። ማስፋፊያው የወጣው መስከረም 15 ቀን 2016 ስለሆነ በ2016 ገጽ ላይ፣ በራሱ ሰዓትና በራሱ አራት መስመር ይገባል።